የእናት ተረትና የትምህርት ቤት መጽሐፍ

በዚህ ሳምንት የምናቀርብላችሁን ጉዳይ ያገኘነው በካምፓላ ከተማ፣ ከአንዲት የሰባት ዓመት ልጅ እጅ ነው።

ለሥራ ጉዳይ ወደ ኡጋንዳ ሄደን ሳለ፣ ካባላጋላ በሚባለው ሰፈር፣ የሀገራችን ሰዎች ምግብ ቤት እየከፈቱ በሚኖሩበት ስፍራ፣ አንዲት የሀገራችን እመቤት ለቡና ጠርተውን ነበር። ቡናው እስኪፈላ ድረስ ልጃቸው ከጓዳ ብቅ አለችና ከፊታችን ተቀመጠች። በእጇ የያዘችው መጽሐፍ ሽፋኑ የተላጠ፣ ጠርዙ ከብዙ እጅ ማለፉን የሚመሰክር፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነበር። «ስለ ምን ይናገራል?» ብለን በአማርኛ ጠየቅናት። «ሙሴ ስለሚባል ልጅ ነው፣ ጋሼ። የሚኖረው...» አለችና ቆመች። ልጁ የሚማርበትንና የሚያድርበትን ቤት ስም በአማርኛ ስላጣችው ወደ እናቷ ተመለከተች። እናቲቱም ጥቂት አሰቡና «እኔም እንግሊዝኛው ብቻ ነው የመጣልኝ» ብለው ሳቁ። ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም።

የተፈለገው ቃል «አዳሪ ትምህርት ቤት» ነው። «አደረ» ከሚለው ግሥ የወጣ ስለሆነ፣ ተማሪው ሌሊቱንም እዚያው የሚያሳልፍበት ቤት ማለት ነው። በዚህ አጋጣሚ ለቋንቋው ተማሪዎች የምናሳስበው ነገር ቢኖር፣ «አዳሪ» የሚለውን ቃል ለብቻው ማቆም ደግ አለመሆኑን ነው። «ተማሪ» ወይም «ትምህርት ቤት» የሚል ጓደኛ ካልተከተለው በሰው ፊት ያሳፍራል።

እመቤቲቱ ቡናውን እየቀዱ የነገሩን እንዲህ የሚል ነበር፤ «ተረቱን ከእኔ ትሰማለች። ንባቧ ግን ሁሉ በሰው ቋንቋ ነው። ትንሽ ከፍ ስትል ተረቱንም የሕፃን ነገር ነው ብላ እንዳትተወው እፈራለሁ። ለመሆኑ እርስዎ ካሉበት አገር ለልጅ የሚሆን መጽሐፍ አይላክልንም?» ወዲያው የሚሰጥ መልስ አልነበረንም። ወደ ማደሪያችን ከተመለስን በኋላ ግን፣ ልጅቱ የያዘችውን መጽሐፍ የጻፈው ማን እንደሆነ፣ በዚያችም ከተማ ለልጅ የጻፉ ሰዎች በምን እንደኖሩ ለማወቅ ፍላጎት አድሮብን ሰነበትን። ያገኘነውን እነሆ እንጽፋለን፤ ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመጽሐፉ ደራሲ ወይዘሮ ባርባራ ኪመንዬ ይባላሉ። ስማቸውን በመጽሐፉ ጀርባ አይቶ የኡጋንዳ ተወላጅ ናቸው ብሎ የሚገምት ሰው አይፈረድበትም። ዳሩ ግን የተወለዱት በ1929 በእንግሊዝ አገር፣ በዮርክሺር፣ ሃሊፋክስ በምትባል የፋብሪካ ከተማ ነው። አባታቸው ከካሪቢያን ደሴቶች የመጡ ጥቁር ሰው ነበሩ። ባርባራ የነርስነት ትምህርት ለመከታተል ወደ ለንደን በሄዱ ጊዜ ከምሥራቅ አፍሪካ ተማሪዎች ጋር ተዋወቁ፤ ከእነዚህም መካከል ቡኮባ ከሚባለው አገር ባላባት ልጅ ጋር ተጋብተው፣ በ1950ዎቹ አጋማሽ ባለቤታቸውን ተከትለው ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ ዳርቻ መጡ። ትዳሩ ግን አልጸናም። ሁለት ወንዶች ልጆቻቸውን ይዘው ሐይቁን ወደ ሰሜን ዞረው ካምፓላ ገቡ።

እንግዲህ አንዲት ሴት ያለ ባል፣ ከሁለት ልጆች ጋር፣ በማታውቀው ከተማ ምን ሠርታ ትበላለች? ወይዘሮ ኪመንዬ በለንደን ዘመናቸው ያወቋቸው ሙቴሳ ዳግማዊ በዚያን ጊዜ የቡጋንዳ ካባካ ነበሩ። «ካባካ» የቡጋንዳ ንጉሥ የሚጠራበት ማዕረግ ነው። በእርሳቸው መንግሥት ውስጥ የግል ጸሐፊነት ሥራ አገኙ። ቀጥሎም «ኡጋንዳ ኔሽን» ለሚባለው ጋዜጣ ጽፈዋል፤ በምሥራቅ አፍሪካም በጋዜጠኝነት ከተሠማሩት የመጀመሪያዎቹ ጥቁር ሴቶች መካከል ይቆጠራሉ። በመንግሥት ጽሕፈት ቤት የሚውል ሰው ብዙ ይሰማል፤ ጋዜጠኛ ደግሞ የሰማውን ይጽፋል። ከሁለቱ የተገኘው ፍሬ በ1965 «ካላሳንዳ» በሚል ስም ታተመ። ካላሳንዳ በቡጋንዳ ውስጥ ያለች፣ በደራሲዋ አሳብ የተፈጠረች መንደር ናት፤ ሐሜቷ፣ ኩራቷና ይሉኝታዋ ሁሉ ያለ ምሬት የተጻፈባት። እኛ ስናነባት ከደብረ ብርሃን ወጣ ብላ ያለች አንዲት መንደር መስላ ታይታናለች።

ይህ ለዐዋቂዎች ነው። ስማቸውን በየቤቱ ያስገባው ግን በ1960ዎቹ መጨረሻ የጀመሩት የሙሴ መጽሐፍ ነው። ሙሴ በአቶ ሙኪቢ አዳሪ ትምህርት ቤት የሚኖር ልጅ ነው። የትምህርት ቤቱ ሙሉ ስም ወደ አማርኛ ቢመለስ «የሙኪቢ የትምህርት ተቋም፣ ለአፍሪካ ጨዋ ልጆች» ይሆናል፤ ስሙ ከግቢው ይበልጣል፣ ቀልዱም ያ ነው። ሙሴ ቅዱስ አይደለም። ያመልጣል፣ ይቀጣል፣ ደግሞ ያመልጣል። በዚያ ዘመን በምሥራቅ አፍሪካ ልጅ እጅ ይገባ የነበረው መጽሐፍ ብዙውን ጊዜ ከእንግሊዝ አገር የመጣ፣ በረዶና የእሳት ምድጃ የበዛበት፣ አለዚያም መጨረሻው ላይ ምክር የተንጠለጠለበት ነበር። የራሱን ሙቀት፣ የራሱን አቧራ፣ የራሱን መምህር በመጽሐፍ ውስጥ ያገኘ ልጅ ምን እንደሚሰማው ለመገመት አያስቸግርም። ካባላጋላ ያገኘናት ልጅ ከታተመ ከሃምሳ ዓመት በላይ የሆነውን ታሪክ እየነገረችን ሳለ ሳቋን መግታት አቅቷት ነበር።

ወይዘሮ ኪመንዬ ከሃምሳ የሚበልጡ የልጆች መጻሕፍት ጽፈዋል፤ ቅጂውም ከአንድ ሚሊዮን በላይ እንደተሸጠ ይነገራል። ከዚህ የምንማረው ነገር አለ። መጽሐፉን የገዛው ማን ነው? በአብዛኛው ትምህርት ቤት ነው። አሳታሚያቸው የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ድርጅት የምሥራቅ አፍሪካ ቅርንጫፍ ነበር፤ ይህም ድርጅት የሚያሰላው በነጻነት ማግሥት የተማሪው ቍጥር እየጨመረ መሄዱን፣ ትምህርቱም በእንግሊዝኛ መሆኑን ነው። አባት ለልጁ ጫማ ይገዛል፤ መጽሐፍ የሚገዛው ግን መምህሩ ካዘዘ ነው። ስለዚህ የልጆች ደራሲ እንጀራ የሚጋገረው በትምህርት ሚኒስቴር ዝርዝር ላይ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የትምህርት ቤቱ ቋንቋ ምን እንደሆነ ደግሞ የመጽሐፉን ቋንቋ ይወስናል።

ሃምሳ መጽሐፍ የጻፈ ሰው በብዕሩ ብቻ ይኖራል ብሎ የሚያስብ አንባቢ ቢኖር ግን ይሳሳታል። ወይዘሮዋ በ1965 ካምፓላን ለቀው ናይሮቢ ገቡ፤ እዚያም በጋዜጣ ሥራ ኖሩ። በዓመቱ፣ በግንቦት 1966፣ የፕሬዚዳንት ኦቦቴ ወታደሮች በሜንጎ ኮረብታ ያለውን የካባካውን ቤተ መንግሥት አጠቁ። ሙቴሳ አምልጠው ለንደን ገቡ፤ በ1969ም እዚያው አረፉ። ደራሲዋ የሚያውቋት ካምፓላ እንዲህ ሆና ቀረች። እርሳቸውም በ1974 ወደ ለንደን ተመልሰው በአንድ የከተማ አስተዳደር ውስጥ የዘር ግንኙነት አማካሪ ሆነው ሠሩ። በ1986 በኡጋንዳ መንግሥት ሲለወጥ ወደ ካምፓላ ተመለሱ፤ ሦስት ዓመት ኖረው ደግሞ ወደ ኬንያ አለፉ። ለቤት እመቤቶች የምንነግረው አንድ ነገር አለ፤ በ1997 ስለ አፍሪካ የአትክልት ምግብ አዘገጃጀት የሚናገር መጽሐፍም አሳትመዋል። በመጨረሻም ለንደን ገብተው በነሐሴ 2012 በዚያው ዐረፉ። ከሃሊፋክስ ተነሥተው ወደ ቡኮባ፣ ወደ ካምፓላ፣ ወደ ናይሮቢ፣ ወደ ለንደን፣ እንደገና ወደ ካምፓላ... መንገዱን የቈጠረ ሰው ሙሴ ከትምህርት ቤቱ የሚያመልጥበትን ምክንያት ሳያስተውል አይቀርም።

ወይዘሮ ኪመንዬ ከካምፓላ በወጡ በዓመቱ፣ በዚያችው ከተማ በ1959 የተከፈተው የብሔራዊ ቴአትርና የባህል ማእከል የበላይ ኀላፊ ሆነው የተሾሙት ኦኮት ፕቢቴክ ናቸው። የእርሳቸው ነገር ከመጀመሪያው የተለየ ነው፤ ለዚህም ጉዳይ ይበልጥ ይጠቅመናል።

ኦኮት በ1931 በሰሜን ኡጋንዳ፣ በጉሉ፣ ከአቾሊ ሕዝብ ተወለዱ። አባታቸው መምህር ነበሩ። እናታቸው ላችዋ ቼሪና ዘፈን ደርዳሪ፣ ተረት ነጋሪና የታወቁ ዘፋኝ ነበሩ። ይህን ልብ በሉ፤ አባትየው ከመጽሐፍ ቤት፣ እናቲቱ ከዘፈን ቤት ናቸው። ልጁ በካምፓላ አቅራቢያ ባለው የቡዶ ኪንግስ ኮሌጅ ተማሩ፤ ገና በ22 ዓመታቸው፣ በ1953፣ በአቾሊ ቋንቋ አንድ ልብ ወለድ አሳተሙ። በ1956 የኡጋንዳ የእግር ኳስ ቡድን ወደ እንግሊዝ አገር ሲሄድ ኦኮትም ከተጫዋቾቹ አንዱ ሆነው ሄዱ። ቡድኑ ያለ ጫማ ይጫወት ነበር። ጓደኞቻቸው ሲመለሱ እርሳቸው ለትምህርት እዚያው ቀሩ፤ በብሪስቶል የማስተማርን ጥበብ፣ በአበሪስትዊዝ ሕግን፣ በኦክስፎርድ ስለ ሕዝቦች ባህልና አኗኗር የሚመረምረውን ትምህርት አጠኑ። ኳስ ተጫዋች፣ መምህር፣ የሕግ ዐዋቂ፣ ተመራማሪ፤ ከዚህ ሁሉ በላይ ግን የእናታቸው ልጅ ሆነው ተመለሱ።

የታወቁበት ረጅም ግጥም «የላዊኖ መዝሙር» ይባላል። ላዊኖ ያልተማረች የገጠር ሚስት ናት። ባሏ ኦቾል ተምሮ ሲመጣ የሀገሩን ነገር ሁሉ፣ እርሷንም ጨምሮ ናቀ። እርሷም አቤት ትላለች፤ ግጥሙ በሙሉ አቤቱታዋ ነው። በመጀመሪያ የጻፉት በአቾሊ ነበር፣ ያውም በ1950ዎቹ። በዚያን ጊዜ ግን አልታተመም። ደራሲው ራሳቸው ወደ እንግሊዝኛ መልሰውት በ1966 በናይሮቢ ታትሞ ዝናው በዓለም ከተሰማ በኋላ፣ በ1969 የአቾሊው መጽሐፍ ወጣ። ትርጕሙ ከእናቱ ቀድሞ ተወለደ እንደ ማለት ነው። ስለ ገዛ ቋንቋዋ መናቅ የምታለቅስ ሴት፣ ልቅሶዋ የተሰማላት በባሏ ቋንቋ ከተናገረች በኋላ መሆኑ እኛን አሳዝኖናል።

በዚህ ስፍራ ለቋንቋ ተማሪዎቻችን አንድ ቃል እናብራራ። ግጥም የሚጽፈውን ሰው «ገጣሚ» እንለዋለን። «ገጠመ» ማለት ክዳንን ከእንስራ፣ በርን ከመቃኑ አገናኘ ማለት ነው፤ ቃልንም ከቃል። «ገጠመኝ» ስንል ደግሞ በሕይወት የደረሰብንን ነገር እንናገራለን። ኦኮትን በሁለቱም ትርጕም ገጣሚ ብንላቸው ያስኬዳል፤ ብዙ ገጥሟቸዋልና። በባህል ማእከሉ ኀላፊነት ሁለት ዓመት ያህል ቈይተው፣ መንግሥትን በመንቀፋቸው ምክንያት ከሥራቸው ተነሡ። በስደትም ኬንያ ገብተው በናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ፤ በናይጄሪያም እንዲሁ።

የሕዝባቸውን ተረት ለልጆች በሚሆን መልክ የሰበሰቡት በዚሁ የስደት ዘመን ነው። በ1978 የወጣው መጽሐፋቸው ጥንቸልን በስሙ ላይ አስቀድሞ የአቾሊን ተረቶች ይዟል፤ ቋንቋው እንግሊዝኛ ነው። ከኢዲ አሚን መውደቅ በኋላ ወደ አገራቸው ገብተው በማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ የድርሰት ጥበብ ፕሮፌሰር ሆኑ። ብዙ አላስተማሩም። በ1982፣ በ51 ዓመታቸው፣ በካምፓላ ዐረፉ። ከልጆቻቸው መካከል ጄን በ1994 የግጥም መጽሐፍ አሳትማለች፤ ጁልያን ደግሞ በካናዳ ኗሪ የሆነች የታወቀች ባለቅኔ ናት። አያት በአቾሊ ዘፈኑ፣ ልጅ በአቾሊና በእንግሊዝኛ ጻፉ፣ የልጅ ልጅ በእንግሊዝኛ ትጽፋለች። ይህን መስመር ስንጽፍ የካባላጋላዋ እመቤት ፊት ታየን።

በማኬሬሬ ኮረብታ ላይ ስንወጣ ያስታወስነው ሌላም ነገር ነበር። በሰኔ 1962፣ ኡጋንዳ ነጻነቷን ልታገኝ አራት ወር ሲቀራት፣ የአፍሪካ ደራስያን ታላቅ ስብሰባ በዚያ ተደርጎ ነበር። ቺኑዋ አቼቤና ዎሌ ሾይንካ ተገኝተዋል። የተጠራው ግን በእንግሊዝኛ የሚጽፍ ብቻ ነው። በአማርኛ የሚጽፍ ደራሲ ቢሄድ ኖሮ በስብሰባው ስም መሠረት ወንበር ባላገኘ ነበር። በአዳራሹ ውስጥ አንድ የማኬሬሬ ተማሪ፣ ገና ያልታተመ ልብ ወለዱን ለአቼቤ ያሳየ ወጣት ነበረ። ይህ ወጣት ኋላ ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ ተብለው በዓለም የታወቁት ናቸው። በ1977 መጨረሻ በኬንያ ታስረው አንድ ዓመት ያህል በቈዩበት ጊዜ በእናታቸው ቋንቋ በጊኩዩ ለመጻፍ ቈረጡ። ከ1982 ጀምሮም ንጃምባ ኔኔ የሚባል ልጅ ያለበትን የሕፃናት ታሪክ በጊኩዩ አሳተሙ፤ ወደ እንግሊዝኛ የተተረጐመው ከዚያ በኋላ ነው። በዚህኛው እናቱ ቀደመች። ንጉጊ ግን ቀሪ ዘመናቸውን በስደት ኖረው በግንቦት 2025 በአሜሪካ አገር ዐረፉ።

በኡጋንዳ መንግሥት በኩልም የተደረገ ነገር አለ። ከ2007 ጀምሮ በአንደኛ ደረጃ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ክፍል ያሉ ልጆች በአካባቢያቸው ቋንቋ እንዲማሩ ተወስኗል። ይህም ለየቋንቋው መጽሐፍ ያስፈልጋል ማለት ስለሆነ ለጸሐፊውም ለአታሚውም በር ከፍቷል። በካምፓላ ውስጥ ግን የልዩ ልዩ ሕዝብ ልጆች በአንድ ክፍል ስለሚቀመጡ፣ ወላጆችም ስለሚመርጡት፣ ብዙው ትምህርት ቤት ከመጀመሪያው በእንግሊዝኛ ያስተምራል። የእንግዳ ልጅ ደግሞ፣ የእኛዪቱ ልጅ፣ በማናቸውም ደንብ ውስጥ አትገባም። ለእርሷ ያለው ትምህርት ቤት የእናቷ ምድጃ ነው።

ታዲያ ምን እንላክላት? በአማርኛ ለልጅ የሚሆን ነገር ሲነሣ መጀመሪያ ወደ አሳባችን የመጡት ከበደ ሚካኤል ናቸው። እርሳቸውም በ1916 ተወልደው፣ መምህርና የመንግሥት ሹም ሆነው፣ «ታሪክና ምሳሌ» በተባለው መጽሐፋቸው የእንስሳትን ተረት በግጥም ለተማሪ ቤት አቀረቡ። በዚያ መጽሐፍ ፊደል የለየ ትውልድ በሙሉ፣ ዛሬ ሽበት አብቅሎም ቢሆን፣ ስንኞቹን በቃሉ ይላል። የእርሳቸውም ኑሮ ከሌሎቹ አልተለየም፤ ከ1974 አብዮት በኋላ ቤታቸውን አጥተው ብዙ ዘመን በሆቴል ክፍል ኖሩ፤ በ1998 ዐረፉ። አማርኛ ለምትማሩ ሹማምንት ይህን መጽሐፍ ስንመክር አንፈራም፤ ቃሉ የጠራ፣ ስንኙ አጭር ነው። የሰባት ዓመት ልጅ የምትጀምርበትን ትልቅ ሰው ቢጀምርበት አያሳፍርም።

ከካምፓላ ከመውጣታችን በፊት በነበረው ምሽት ደግመን ካባላጋላ ሄድን። ልጅቱ «አዳሪ ትምህርት ቤት» የሚለውን ቃል ይዛ ጠበቀችን፤ ሦስት ጊዜም ተናገረችው። እናቷ የሸማቸውን ጫፍ ሰብስበው ተረት ጀመሩ፤ አያ አንበሳን ስላታለለችው ስለ ብልጧ ጦጣ ነበር። ልጅቱ በመካከሉ አቋረጠቻቸው፤

«እማዬ፣ ብልጧ ጥንቸል ናት እንጂ! በትምህርት ቤት ዋካይማ ነው ያለችን።»

በቡጋንዳ ተረት ብልሃተኛይቱ ጥንቸል፣ እርሷም ዋካይማ መሆኗን እናቲቱ አያውቁም ነበር። «በእኛ አገር ጦጣ ናት፣ ልጄ» አሏት።

«ሁለቱ ቢገናኙስ?»

እናቲቱ ወደ እኛ ተመለከቱ፤ እኛም መልስ አልነበረንም። ልጅቱ ግን መልስ ሳትጠብቅ፣ ጦጣና ዋካይማ በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር ሲገናኙ የሆነውን ራሷ መናገር ጀመረች። ግማሹ በአማርኛ፣ ግማሹ በእንግሊዝኛ ነበር። ሲያቅታት ወደ እናቷ ትዞራለች፣ እናቲቱ ቃሉን ያቀብሏታል፣ እርሷም ትቀጥላለች። ቡናው እስከ ሦስተኛው ድረስ ተጠጣ፤ ታሪኩ ግን ገና ስላላለቀ ጦጣይቱን ዛፍ ላይ እንደ ወጣች ትተናት መጣን።